መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ ለቀረ ልጅ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና

ጥያቄ፦ «ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው አዳማ ነው። ሲወለድ 4 ኪሎ ተኩል ይመዝን ነበር። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ስለተያዘ በጉልበት ስበው አወጡት፤ ቀኝ እጁ ለወራት ዝልፍልፍ ብሎ ቆየ። አሁን ክርኑን ያጥፋል፣ ጣቶቹም ይጨብጣሉ፤ መዳፉ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ እንደተገለበጠ ነው። በዚያ እጁ መጻፍም እንጀራ መቁረስም አልቻለም። አንዱ ሐኪም ነርቩ ይቀጠላል አለን፤ ሌላው አጥንቱ ተቆርጦ ይዞራል አለን፤ ሦስተኛው ጅማቱን ማዞር ይበቃዋል አለን። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ጋ ውሰጂው ትለኛለች። ማንን ልስማ? እስኪያድግ ብንጠብቅስ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሦስቱም ሐኪሞች የነገሩዎት ሕክምና በእርግጥ ያለ ነው። እያንዳንዱ ግን የሚሆነው ለተለያየ ልጅ፣ በተለያየ ዕድሜ ነው። ለልጅዎ ነርቭ የመቀጠሉ ጊዜ አልፏል። ከቀሩት ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻለው የሚነግረን ክንዱ ራሱ ነው፦ ሌላ ሰው ይዞ ቀስ አድርጎ ሲያዞረው መዳፉ ወደ ታች ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የሚመለስ ከሆነ ጅማቱ፣ ማለትም ክርንን የሚያጥፈው የባይሴፕስ ጡንቻ ጅማት፣ ይዞራል። በከፊል ብቻ የሚመለስ ከሆነ ጅማቱን ከማዞር ጋር በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ሽፋን ይለቀቃል። ጭራሽ የማይመለስ ከሆነ አጥንቱ ይዞራል።

እጁ ለምን እንዲህ ሆነ? ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ከአንገት አከርካሪ በአምስት ሥሮች ይወጣሉ፤ ሐኪሞች ከላይ ወደ ታች ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7፣ ሲ8 እና ቲ1 ይሏቸዋል። እነዚህ ሥሮች ወደ ብብት ሲወርዱ የሚሠሩት ጥልፍልፍ ብሬኪያል ፕሌክሰስ ይባላል። የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻው ከእናቱ ዳሌ አጥንት ሥር ሲያዝ አንገትና ትከሻ ይራራቃሉ፤ ነርቮቹም ይወጠራሉ፣ ይበጠሳሉ ወይም ከነሥራቸው ከሕብለ ሰረሰር ይነቀላሉ። ሕፃኑ ከ4 ኪሎ በላይ ሲሆን ወይም እናቲቱ የስኳር ሕመም ካለባት ዕድሉ ይጨምራል። ያም ሆኖ ትከሻ በየትኛው ወሊድ ላይ እንደሚያዝ አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ይህን የምጽፈው ብዙ እናቶች ለዓመታት ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለሚኖሩ ነው። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።

መዳፍን ወደ ላይ የሚገለብጡት ጡንቻዎች ሁለት ናቸው፦ ክርንን የሚያጥፈው ባይሴፕስ እና ከክርን በታች ራዲየስ አጥንትን የሚጠመጥመው ሱፒኔተር። ሁለቱም በዋናነት የሚታዘዙት ከላይኞቹ ሥሮች ከሲ5 እና ከሲ6 ነው። መዳፍን ወደ ታች የሚመልሱት ደግሞ ፕሮኔተር ቴረስ እና ከእጅ አንጓ በላይ ያለው ፕሮኔተር ኳድራተስ ሲሆኑ ከሲ6 ጀምሮ እስከ ቲ1 ያሉት ሥሮች ያዟቸዋል። ሁሉም ሥሮች ሲጎዱ ብዙ ጊዜ ቀድመውና በደንብ የሚያገግሙት የላይኞቹ ናቸው። ስለዚህ ባይሴፕስ ነቅቶ ይጎትታል፤ መልሶ የሚጎትተው ግን የለም። በየዓመቱ ነገሩ እየጠነከረ ይሄዳል። በአውራ ጣት በኩል ያለውን ራዲየስንና በትንሿ ጣት በኩል ያለውን አልናን የሚያያይዘው ሽፋን በዚያው አቀማመጥ ያጥራል፤ አጥንቶቹ ጎብጠው ያድጋሉ፤ በአንዳንድ ልጆች ደግሞ የራዲየስ ራስ፣ ማለትም የላይኛው ጫፉ፣ ከክርን መገጣጠሚያ ይወጣል።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ መዳፉ ወደ ታች ተገልብጦ የሚቀር ልጅ። እሱ የሚታየው ባይሴፕስና ሱፒኔተር ደክመው ፕሮኔተሮቹ ሲበረቱ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ሰው በቃል ሲያወራው ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉና ሐኪም ጋ ሲሄዱ «እጁ ዞሯል» ብቻ አይበሉ፤ መዳፉ ወዴት እንደሚያይ ይናገሩ።

ነርቭ ስለመቀጠል የተባለው እውነት የሚሆነው ለሕፃን ነው። ሦስት ወር ሞልቶት ባይሴፕሱ ምንም ያላንቀሳቀሰ ሕፃን ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም መላክ አለበት፤ ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነርቭ የተቋረጠበት ጡንቻ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነርቭ የሚቀበልበት ቦታ እየጠፋ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ነርቩ ቢቀጠልም ሥጋው አይታዘዝም። በስድስት ዓመት ለዚህ ብሎ አንገትን መክፈት ለልጁ ጠባሳ እንጂ ጥቅም የለውም። በአካባቢዎ ገና የተወለደ፣ እጁን የማያንቀሳቅስ ሕፃን ካለ ግን ይህን ቀን ቆጥራችሁ ንገሯቸው፤ በኋላ የማይመለስ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ክንድ። ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ ከጎኑ ጋር ያጣብቅ፤ በጭብጡ እርሳስ ይያዝ። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ሲቆም አውራ ጣቱ ወደ ላይ ነው፤ ይህ መካከለኛው፣ ማለትም ዜሮ ነው። ጤነኛ ሰው ከዚያ ተነስቶ መዳፉን ወደ ታች ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ያዞራል፤ ወደ ላይም ከ80 እስከ 90። መጀመሪያ ልጁ ራሱ ያዙር፤ ቀጥሎ እርስዎ ያዙሩለት። ሲያዙሩ እጁን ሳይሆን ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ክንድ ይያዙ፤ እጁን ከያዙ የሚጠመዘዘው አንጓው ይሆንና ክንዱ የዞረ ይመስልዎታል። ክርኑ ከጎኑ እንዳይላቀቅ የምለውም በምክንያት ነው። እነዚህ ልጆች ክርናቸውን ወደ ጎን አንስተው በትከሻቸው መዳፋቸውን ወደ ታች ማድረግ ይለምዳሉ፤ ከሩቅ ላየው ሰው ክንዳቸው የሚዞር ይመስላል።

እርስዎ ሲያዞሩት ከዜሮ አልፎ ቢያንስ 30 ዲግሪ ወደ ታች ከሄደ ጅማቱን ማዞር ብቻውን ሊበቃው ይችላል። ዜሮ ላይ ወይም ዜሮ አካባቢ ከቆመ ሽፋኑም መለቀቅ ይኖርበታል። ዜሮ እንኳ ሳይደርስ እንደ እንጨት ድርቅ ካለ ጥያቄው ስለ አጥንት ነው። ቁጥሩ ከሐኪም ሐኪም ጥቂት ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለያይም። በኃይል ለማዞር ግን እንዳይታገሉ። የቆመበት ቦታ መቆሚያው ነው።

ወጌሻ ጋ ስለመሄድ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። አጠረ የተባለው ሽፋን በአንድ ቀን ጉልበት አይረዝምም። በኃይል ሲጠመዘዝ የሚሸነፈው ቀጭኑ አጥንት ነው፤ ይሰበራል፣ ወይም በቋፍ ላይ ያለው የራዲየስ ራስ ከቦታው ይወጣል። የወጣ የራዲየስ ራስ ደግሞ የቀዶ ሕክምናውን ምርጫ ያጠበዋል። ወጌሻው ሰብአዊ ሰው፣ ለስብራትም ልምድ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ስብራት አይደለም፤ የሚታሽም የሚጎተትም ነገር የለውም።

ቀዶ ሐኪሙ ከመወሰኑ በፊት አራት ነገሮችን ሲመረምር ማየት አለብዎት። አንደኛው ራጅ ነው፤ ክርኑንም አንጓውንም የሚያካትት፣ ከፊትና ከጎን የተነሣ የሙሉ ክንድ ራጅ። በራዲየስ መካከል የተሰመረ መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ካፒቴለም የተባለውን የክርን አጥንት መሀል መምታት አለበት፤ ካልመታ የራዲየሱ ራስ ወጥቷል። ክርኑን ብቻ ወይም አንጓውን ብቻ ያነሣ ራጅ ይዘው ቢሄዱ ሁለተኛ ወጪ ነው የሚጠብቅዎት።

ሁለተኛው የባይሴፕስ ኃይል ነው። ጅማቱ የሚዞረው ጡንቻው ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከ5 ቢያንስ 4 ሊሆን ይገባል፤ ማለትም ልጁ ክርኑን አጥፎ እርስዎ በመጠኑ ሲስቡት መቋቋም አለበት። የዞረ ጅማት ከኃይሉ ጥቂት ያጣልና ደካማውን ካዞሩት ልጁ ክርን ማጠፉንም ያጣዋል። ክርኑ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋ እንደሆነም ይለካል።

ሦስተኛው ትከሻ ነው። ትከሻው ወደ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ከሆነ፣ ወይም ወደ ውጭ እንዲዞር ቀዶ ሕክምና የታቀደለት ከሆነ የትከሻው ጉዳይ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። ትከሻው ወደ ውጭ በዞረ ቁጥር መዳፉ ይበልጥ ወደ ላይ ይገለበጣልና ክንዱን ቀድሞ ማስተካከል ልኩን ያልለኩትን ልብስ መስፋት ይሆናል።

አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም፣ የእጅ አንጓ ነው። መዳፉ ወደ ላይ ሲሆን የእጁ ክብደት ራሱ አንጓውን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ይይዘዋል። አንጓን ቀና የሚያደርጉት ጡንቻዎች ሽባ ከሆኑ፣ መዳፉን ወደ ታች በመለስነው ቀን እጁ ወደ መሬት ይንጠለጠላል። አንጓው የተንጠለጠለ እጅ ደግሞ አጥብቆ መጨበጥ አይችልም። ወላጆች «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሰበት» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ክንዱን ወደ ታች አዙሮ ይዞ «እጅህን ቀና አድርግ» ይለዋል። ካልቻለ ወይ ለአንጓው ሌላ ጅማት ይዛወርለታል፣ ወይ ካደገ በኋላ አንጓው ቀና ብሎ እንዲጣበቅ ይደረጋል፤ ያንን አብሮ ያላቀደ ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ስንመጣ፣ ባይሴፕስን የማዞሩን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀው የአርጀንቲናው ቀዶ ሐኪም ዛንኮሊ በ1967 ነው (በአውሮፓ አቆጣጠር)። የባይሴፕስ ጅማት የሚጣበቀው በራዲየስ ላይ፣ ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ በውስጠኛው ጎን ባለች ጉብታ ላይ ነው። ጡንቻው ሲስብ ጉብታዋን ወደ ፊት ያመጣትና አጥንቱ ወደ ላይ ይገለበጣል። ፈትል በእንዝርት ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥሞ ሲሳብ እንዝርቱ በተቃራኒው እንደሚሽከረከር ሁሉ፣ ጅማቱም ከጉብታዋ ተነስቶ በአጥንቱ ጀርባ ዞሮ በውጭ በኩል እንዲመጣ ከተደረገ ያው ጡንቻ ሲስብ መዳፉን ወደ ታች ያዞረዋል። ጠላት የነበረው ጡንቻ ያግዛል ማለት ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና ከሌሎቹ አስበልጬ የምወደው ለዚህ ነው፤ የተበላሸውን አቀማመጥ ብቻ ሳይሆን ያበላሸውን ኃይል ራሱን ይለውጠዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ የላይኛው ክንዱ ላይ ደም የሚያቆም ቱርኒኬት ይታሰራል፤ ሐኪሙ ቱርኒኬቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። ቆዳው በክርኑ ፊት በኩል ጠመዝማዛ ሆኖ ይከፈታል፤ ቀጥ ያለ ጠባሳ በእጥፋቱ ላይ ሲደርቅ ክርን እንዳይዘረጋ ስለሚያስር ነው። ከጅማቱ ውጭ በኩል የክንዱን ቆዳ የሚያሰማ ነርቭ ይወጣል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ዋናው የደም ቧንቧና ሚዲያን ነርቭ አሉ፤ ሦስቱም ታይተው ወደ ጎን ይያዛሉ። ከባይሴፕስ ወደ ውስጥ የሚዘረጋው ስስ ጨርቅ መሰል ጅማት ይቆረጣል። ከዚያ ዋናው ጅማት እስከ ጉብታዋ ድረስ ይገለጥና በቁመቱ እንደ ዜድ ቅርጽ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ገመድ ከጡንቻው ጋር፣ ሌላው ከአጥንቱ ጋር ይቀራል።

ይህ ስንጥቅ በተቻለ መጠን ረጅም መሆን አለበት። በዚህ ዕድሜ ባለ ልጅ ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር ቢገኝ ጥሩ ነው። ከአጥንቱ ጋር የቀረው ገመድ አጥንቱን ለመዞር ርዝመት ይፈልጋል፤ አጭር ከሆነ ሁለቱን ጫፎች ለማገናኘት በኃይል ይሳባሉ፤ ያን ጊዜ ወይ ስፌቱ ይለቃል፣ ወይ ክርኑ ከዚያ በኋላ አልዘረጋ ይላል። ከዚያ ጫፉ ጎባጣ የሆነ መቆንጠጫ አጥንቱን ታክኮ በራዲየስ አንገት ጀርባ ይገባና ገመዱን ይዞ በውጭ በኩል ይመለሳል። የቀዶ ሕክምናው አስፈሪ ደቂቃ ይህች ናት። ጣቶችንና አውራ ጣትን የሚዘረጋው ነርቭ በሱፒኔተር ጡንቻ ውስጥ አልፎ እዚያው አንገት ላይ ይጠመጠማል፤ መቆንጠጫው ከአጥንቱ በጥቂት ሚሊሜትር ከራቀ ነርቩን ሊይዘው ወይም ገመዱ ሊያንቀው ይችላል። ጥንቃቄው አጥንቱን ፈጽሞ አለመልቀቅ ነው። በመጨረሻ ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ መዳፉ ወደ ታች ዞሮ፣ ሁለቱ ገመዶች ጎን ለጎን ተደርበው በማይሟሟ ክር በብዙ ነጥብ ይሰፋሉ።

ሽፋኑ መለቀቅ ካለበት ያው ዕለት በክንዱ ጀርባ በኩል ሌላ መክፈቻ ተደርጎ ከአልና አጥንት ጫፍ ላይ በቁመቱ ይላቀቃል። በዚህ ሥራ የሚፈራው ከሽፋኑ ጋር ተጣብቀው የሚሄዱትን ቧንቧዎችና ነርቮች መጉዳት ነው። ሽፋኑ ከተለቀቀም በኋላ መዳፉ የማይመለስ ከሆነ፣ የግድ ለማዞር ከመታገል ይልቅ ወደ አጥንቱ መሄድ ይሻላል።

የአጥንት ማዞር በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው፤ ራዲየስ መካከሉ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ የታችኛው ቁራጭ ወደሚፈለገው ይዞራል፣ በብረትና በብሎን ይያዛል። ከመቆረጡ በፊት ከላይና ከታች ሁለት ትይዩ ሽቦዎች ይተከላሉ፤ በኋላ በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ማዕዘን ስንት እንደዞረ በትክክል ያሳያል። ያለዚያ በዓይን ግምት የዞረ አጥንት ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። ብዙ ዲግሪ መዞር ካለበት አልናም በሌላ ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ ሁሉን በአንድ አጥንት ላይ መጫን ቧንቧዎችንና ጡንቻዎችን ያጣምማል። ቱርኒኬቱ እንደተፈታ የአንጓው የደም ምት ይዳሰሳል፤ ካልተሰማ ዙሩ ወዲያው ይቀንሳል።

ስለ አጥንት ማዞር ከሁሉ በላይ ሊገባዎት የሚገባ ነገር አለ። አዲስ እንቅስቃሴ አይፈጥርም፤ ያለውን እንቅስቃሴ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ክንዱ በጠቅላላ የሚንቀሳቀሰው 40 ዲግሪ ከሆነ በኋላም 40 ነው፤ ልዩነቱ ያ 40 ዲግሪ አሁን የት ላይ እንደሆነ ነው። በዚያ ላይ ባይሴፕሱ እንደ ድሮው እየጎተተ ከቀጠለ፣ በትንሽ ልጅ ላይ የተስተካከለው አጥንት እያደገ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ባይሴፕሱ ጠንካራ በሆነ ልጅ ላይ አጥንቱ ብቻውን ይዞራል ሲባሉ «የሚጎትተውስ ጡንቻ ምን ይደረጋል?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሐኪሙም ደስ ይለዋል። የራዲየሱ ራስ አስቀድሞ በወጣበት ልጅም ብዙውን ጊዜ የሚሻለው የአጥንት ማዞር ነው፤ ጅማቱን በዚያ አንገት ላይ መጠምጠም የሚፈለገውን ኃይል አይሰጥምና።

ምን ያህል ይዙር? ወላጅ ሁሉ መዳፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ቢመጣለት ይመኛል። ይህ መሆን የለበትም። መዳፍ ወደ ታች የሚፈለገው ለመጻፍ፣ እንጀራ ለመቁረስ፣ ለመጨበጥ፣ ጠረጴዛ ለመደገፍ ነው። የቆረሱትን ወደ አፍ ለማድረስ፣ ፊት ለመታጠብ፣ ሰው የሰጠውን በሁለት እጅ ለመቀበል ግን መዳፍ ወደ ላይ መመለስ አለበት። መዳፉ እንደ ጠፍጣፋ ወደ ታች ተጣብቆ የቀረ ልጅ የቆረሰውን ወደ አፉ ለማድረስ ክርኑን ወደ ጎን አንስቶ ይቸገራል። ስለዚህ ክንዱ በአንድ ቦታ ላይ መቆሙ ካልቀረ የሚመረጠው ከዜሮ አልፎ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ታች ነው። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ ዘንበል ሲል ማለት ነው። በጅማት ማዞሩም ቢሆን እንደ ግራ እጁ ሙሉ ዙር ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። የክንዱ ማጠርና መቅጠንም በዚህ ቀዶ ሕክምና አይለወጥም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ቀን የሚታዘዘውን ጾም በጥብቅ ይጠብቁ፤ ምግብና የላም ወተት ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት በፊት ይቆማል። «ርቦታል» ብሎ በድብቅ አንድ ብስኩት መስጠት ለሕይወቱ አደገኛ ነው፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሳልና ጉንፋን ካለበትም ይናገሩ፤ ቀጠሮው ሊራዘም ይችላል፤ አይከፉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጀሶው ከብብቱ ሥር እስከ መዳፉ ይደርሳል፤ ክርኑ ታጥፎ፣ መዳፉ ወደ ታች ሆኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ዋና ሥራ እጁን በትራስ ላይ ከልብ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ጣቶቹን ማየት ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከጠቆሩ ወይም ቀስ ብለው ሲዘረጉለት በኃይል ከጮኸ፣ በመድኃኒት የማይበርድ ሕመም ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ጀሶው ወዲያው መከፈት አለበት። በእነዚህ ልጆች ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የእጃቸው ስሜት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል አለመጮሃቸው ደህና ናቸው ማለት አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ በዓይንዎ ይመልከቱ። ከማደንዘዣው ነቅቶ ቀድሞ ይዘረጋቸው የነበሩትን ጣቶች መዘርጋት ካልቻለ ለሐኪሙ ያሳውቁ፤ ያ የተባለው ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

የአዳማ ሙቀትና አቧራ ለጀሶ አይመችም። ቆዳው ውስጡ ያልበዋል፣ ያሳክከዋል፤ ልጆች ደግሞ እስክሪብቶና ሽቦ ይከታሉ። የገባ ነገር ቆዳውን ቧጭሮ ሳይታይ ያመግላል። ውሃ እንዳይነካው ሲታጠብ በፌስታል ጠቅልለው በጨርቅ ይሰሩት፤ ሽታ ወይም እርጥበት ካለው ጀሶው ይቀየራል። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ይታያል። አጥንት የዞረለት ልጅ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ራጅ ይነሣል፤ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ክብደት አይነሣበትም።

ጀሶው ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ የቀዶ ሕክምናው ግማሽ ነው። የዞረው ባይሴፕስ ክርን ሲታጠፍ መዳፍን ወደ ታች እንደሚመልስ አንጎሉ ገና አያውቅም፤ ልጁ ይማራል። ፊዚዮቴራፒስቱ ካሳየዎት በኋላ ቤት ውስጥ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያሠሩት። የስድስት ዓመት ልጅ «እጅህን አዙር» ሲሉት ይሰለቻል፤ ከበሮ በመዳፉ ሲመታ፣ ከኩባያ ወደ ኩባያ ውሃ ሲያንቆረቁር፣ ሊጥ ሲጫን ግን ራሱ ያዞረዋል። ሌሊት ሌሊት መዳፉን ወደ ታች የሚይዝ ስፕሊንት (የእጅ መደገፊያ) ከ3 እስከ 6 ወር ያድርግ። ይህን የተወ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ያተረፈውን ዲግሪ ይመልሳል።

ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ የቀረውን ተጣጣፊነት ማቆየት የእርስዎ ድርሻ ነው። ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፈው በአንድ እጅ ይያዙ፤ በሌላው ከአንጓው በላይ ያለውን ክንድ ይዘው መዳፉን ቀስ ብለው ወደ ታች ያዙሩ፤ እስኪወጠር ብቻ። እዚያ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያቆዩት፤ አሥር ጊዜ ይደጋግሙ፤ ጠዋትና ማታ። ልጁ ማልቀስ የለበትም። ካለቀሰ አብዝተዋል።

የት እንሂድ ለሚለው፣ ራጁንና የመጀመሪያውን ምርመራ በአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ከአጥንት ክፍል መጀመርና ሪፈር ማጻፍ ይቻላል። ቀዶ ሕክምናው ግን የሕፃናትን እጅ በብዛት የሚሠራ ሐኪም እጅ መግባት አለበት። ለዚህ አዲስ አበባ የሕፃናት አጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሠራውን ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታልን፣ ጥቁር አንበሳን፣ እንዲሁም በሥጋ ደዌ በተጎዱ እጆች ላይ ጅማት የማዛወር ረጅም ልምድ ያለውን አለርትን ይጠይቁ። በየትኛውም ቦታ ሐኪሙን «ይህን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ማለት ነውር አይደለም። ወረቀቱን ሁሉ፣ የወሊዱን ካርድ ካለዎት እሱንም፣ አሮጌ ራጆችንም ይዘው ይሂዱ። በስልክዎ ልጁ ሲበላ፣ ሲለብስና ሲጽፍ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ልጆች ሐኪም ፊት እጃቸውን ይደብቃሉ።

እስኪያድግ መጠበቅ ግን አልመክርም። ስድስት ዓመት ልጁ ልምምዱን ተረድቶ የሚሠራበት፣ አጥንቱም ገና ብዙ ያልጎበጠበት መልካም ዕድሜ ነው። በሌላ በኩል የነገና የከነገ ወዲያ አስቸኳይም አይደለም፤ ተረጋግተው ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ይችላሉ። በግራ እጁ መጻፍ ከጀመረ አያስቁሙት፤ መምህሩም እንዳያስገድደው ይንገሩ፤ ቀኝ እጁ በተሻለ ሁኔታም ቢሆን ወረቀቱን የሚደግፍ ጥሩ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ቀጠሮውን ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ማድረግ ከቻሉ ጀሶው በክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ በልምምድ ላይ ሆኖ ክፍል ይገባል። ነገር ግን በየወሩ በእርሳሱ እየለኩ ይመዝግቡ፤ ወደ ታች የሚሄደው ዲግሪ እየቀነሰ ከመጣ፣ ወይም በክርኑ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጉብታ ካዩ ክረምቱን አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ራጅ ይነሣ።